ታሪኩ ሳይጻፍ መጽሐፉ ይታጠፍ

ለተማሪዎች የፈጠራ ታሪክና በእጅ የሚሠራ መጽሐፍ ወርክሾፕ የሚያዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከታሪኩ ይጀምራል። ልጆቹ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ ይታረምላቸዋል፣ በመጨረሻው ቀን ወረቀት ታጥፎ ጽሑፉ ይገለበጥበታል። ሲያስቡት ትክክል ይመስላል። ሲሠሩት ግን ሦስት ገጽ ተኩል የደብተር ጽሑፍ በስምንት ትንንሽ ገጾች ውስጥ ሊገባ ይታገላል፤ መጨረሻው ላይ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል፣ ሥዕሉ መቀመጫ ያጣል። ጎን ያለው ልጅ ደግሞ ታሪኩ ሁለተኛው ገጽ ላይ አልቆበት ስድስት ባዶ ገጽ ታቅፎ ይቀመጣል።

እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይጽፍ፣ ባዶው መጽሐፍ ይታጠፍ። ልጁ ስንት ገጽ እንዳለው፣ የትኛው ገጽ ከየትኛው ጋር ፊት ለፊት እንደሚታይ፣ ገጽ ሲገለጥ ምን እንደሚደበቅና ምን እንደሚወጣ በእጁ ካወቀ በኋላ ታሪኩን የሚያስበው በዚያ ልክ ነው። «ስንት መስመር ልጻፍ?» የሚለው ጥያቄም በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ መጽሐፉ መልሶለታል።

ከአንድ ወረቀት ስምንት ገጽ

ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃው ከአንድ ኤ4 ወረቀት የሚወጣው ባለ 8 ገጽ መጽሐፍ ነው። ክርም ኮላም አይፈልግም። ኤ4 ማለት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስት ጊዜ በግማሽ ሲታጠፍ 74 በ105 ሚሊ ሜትር የሆነ ገጽ ይሰጣል። ወረቀቱ 80 ግራም (የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት ማለት ነው) ቢሆን ይመረጣል፤ 120 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስተኛው እጥፋት ላይ የልጅ ጣት አይችለውም።

ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ በቁመቱ ሳይሆን ተጋድሞ ይቀመጣል። መጀመሪያ ረጃጅሞቹ ጠርዞች ተገናኝተው ይታጠፋል፣ ይከፈታል። ቀጥሎ አጫጭሮቹ ጠርዞች ተገናኝተው ይታጠፋል፤ ሳይከፈት እንደገና በዚያው አቅጣጫ በግማሽ ይታጠፋል። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ስምንት ክፍሎች ይታያሉ፤ አራት ከላይ፣ አራት ከታች። አሁን አጫጭሮቹን ጠርዞች አገናኝቶ አንድ ጊዜ ብቻ ማጠፍና ከታጠፈው ጎን ተነሥቶ በመሐለኛው መስመር ላይ አንድ ክፍል ያህል፣ እስከሚቀጥለው እጥፋት ድረስ ብቻ መቁረጥ ነው። ወረቀቱ ሲከፈት መሐሉ ላይ የሁለት ክፍል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ይኖረዋል። በመጨረሻ በረጅሙ በኩል ታጥፎ ሁለቱ ጫፎች በሁለት እጅ ተይዘው እርስ በርስ ሲገፉ ስንጥቁ ይከፈትና ከላይ ሲታይ የመደመር ምልክት ይሠራል፤ ገጾቹን ወደ አንድ ጎን ማጠቅለል ብቻ ይቀራል።

የሚበላሸው ሁልጊዜ በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው መቀሱ ከታጠፈው ጎን ሳይሆን ከክፍቱ ጎን ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱ ከሁለት ጫፍ ይሰነጠቅና መሐሉ ተያይዞ ይቀራል፤ ከዚያ መጽሐፍ አይወጣም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከመቁረጥ በፊት ሁሉም ልጅ ወረቀቱን ወደ ላይ ያንሣ፣ የታጠፈውን ጎን በጣቱ ይንካ፣ መቆም ያለበት ቦታ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርግ። ይህ የአንድ ደቂቃ ፍተሻ አሥር ወረቀት ያድናል። ሁለተኛው ደግሞ የላላ እጥፋት ነው። ጠርዝ ከጠርዝ ሳይገናኝ በችኮላ የታጠፈ ወረቀት መጨረሻ ላይ ገጾቹ ደረጃ ሠርተው ይወጣሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ነው። እያንዳንዱ እጥፋት በጥፍር ሳይሆን በማንኪያ ጀርባ ወይም በማስመሪያ ጠርዝ ይጫን፤ ከዚያ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ አንድ ጊዜ ይታጠፍ። ወዲያና ወዲህ ያልታጠፈ መስመር መጨረሻው ላይ አልታዘዝም ይላል።

የገጽ ቁጥር የሚጻፈው መጽሐፉ ከታጠፈ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ልጁ በታጠፈው መጽሐፍ ላይ ከ1 እስከ 8 በእርሳስ ጥግ ላይ ይጽፍና ወረቀቱን ይከፍታል። ሲከፍት ይገረማል፤ በታችኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 6፣ 7፣ 8፣ 1 ይገኛሉ፤ በላይኛው ረድፍ ደግሞ 5፣ 4፣ 3፣ 2 ተገልብጠው ቆመዋል። ይህን ቀድሞ ሰሌዳ ላይ መሣል ልጆቹን ያምታታል። በራሳቸው እጅ ሲያገኙት ግን ለምን እንደዚያ እንደሆነ ራሳቸው ማስረዳት ይጀምራሉ። ሌላም ጥቅም አለው፦ ጽሑፍና ሥዕል ሁሉ በአንድ ወገን ስለሆነ ማርከር ወደ ኋላ ቢያልፍ ግድ የለም። ያ ባዶ ወገን ደግሞ መጽሐፉ ተፈትቶ ሲዘረጋ የሚገኝ ምሥጢራዊ ካርታ ሊሣልበት ይችላል። ለልጆች ከዚህ የበለጠ ማባበያ አላውቅም።

ገጽ መግለጥ ራሱ መሣሪያ ነው

ባዶው መጽሐፍ በእጅ ካለ በኋላ አንድ ነገር ማሳየት ያስፈልጋል። በ8 ገጽ መጽሐፍ ውስጥ አንባቢ ሽፋኑን ከገለጠ 2ና 3ን አብሮ ያያል፤ ሲገልጥ 4ና 5ን፤ ሲገልጥ 6ና 7ን፤ ከዚያ 8፣ የኋላ ሽፋኑን። ምሥጢር ሊደበቅ የሚችለው ከ3 ወደ 4፣ ከ5 ወደ 6፣ ከ7 ወደ 8 ባለው መግለጥ ብቻ ነው። ጥያቄው ገጽ 4 ላይ፣ መልሱ ገጽ 5 ላይ ከሆነ ዓይን ሁለቱንም አንድ ላይ ያያቸዋልና ጉጉቱ በነነ። ጥያቄው በቀኝ ገጽ፣ ማለትም በጎደሎ ቁጥር፣ መልሱ ከመግለጥ በኋላ፦ ደንቡ ይኸው ነው። የ9 ዓመት ልጅ ይህን በሁለት ደቂቃ ይረዳዋል፤ ከተረዳው በኋላ ደግሞ «በሩን ከፈተችና…» ብሎ ገጽ 5 ላይ ማቆምን ማንም አያስተምረውም።

የአደራደር መነሻ ከፈለጉ፦ 1 ሽፋን፣ 2 ማን እና የት፣ 3 ምን እንደሚፈልግ፣ 4 ምን እንደከለከለው፣ 5 ሞክሮ ሳይሳካ፣ 6 ነገሩ ሲብስ፣ 7 ሲፈታ፣ 8 የደራሲው ስምና አንዲት ትንሽ የመጨረሻ ሥዕል። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፎ መተው አያስፈልግም፤ ካስቀመጡት 30 ልጆች 30 አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይሠራሉ። የጠፋበት ልጅ ሲመጣ ብቻ በጆሮው ይነገረው።

ታሪኩ ከየት ይመጣል

«የፈለጋችሁትን ጻፉ» ከሚለው ትእዛዝ የባሰ ልጅን የሚያደርቅ ነገር የለም። ሜዳው ሲሰፋ መነሻው ይጠፋል።

ጣሊያናዊው የልጆች ደራሲ ጃኒ ሮዳሪ ያስፋፋው ዘዴ ሁልጊዜ ይሠራል፦ እርስ በርስ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቃላት ማጋጨት። በሁለት ፖስታ ውስጥ 30፣ 30 ቃላት ይዘጋጁ፤ ልጁ ከየፖስታው አንድ ያወጣል። ቃላቱ የሚታዩ፣ የሚዳሰሱ ስሞች ይሁኑ። «ሰላም»፣ «ደስታ»፣ «ተስፋ» ከገቡ ታሪኩ ወደ ስብከት ይሄዳል። ለምሳሌ ጃንጥላና አዞ ቢወጡ፣ በአማርኛ ሁለቱን የሚያስተሳስሩት ጥቃቅን ቃላት ብቻቸውን ታሪክ ይወልዳሉ፦ የአዞው ጃንጥላ፤ ጃንጥላው ውስጥ የተደበቀ አዞ፤ ያለ ጃንጥላ የማይወጣ አዞ፤ ስለ ጃንጥላ የሚያልም አዞ። ልጁ አራቱን አማራጮች ጮክ ብሎ ይበል፣ አንዱን ይምረጥ። ብዙዎቹ ያለ ጃንጥላ የማይወጣውን ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም ወዲያው «ለምን?» የሚል ጥያቄ አለበት።

ሁለተኛው ጨዋታ በክብ ተቀምጦ የሚነገር ነው። የመጀመሪያው ልጅ አንድ ነገር ሆነ ይላል፤ ቀጣዩ «ደግነቱ…» ብሎ ይቀጥላል፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው «ክፋቱ…» ይላል። አንድ ክብ ከ8 ልጅ ባይበልጥ ጥሩ ነው። 30 ልጅ በአንድ ክብ ካስቀመጡ ተራው እስኪደርስ የሚጠብቀው ልጅ ወንበር ማወዛወዝ ይጀምራል። የዚህ ጨዋታ ጥቅም ሳቁ ብቻ አይደለም። ችግር የሌለበት ታሪክ ወደ ፊት እንደማይሄድ ሳይነገራቸው ይገባቸዋል።

ከዚያ በኋላም ቢሆን እርሳስ አይነሣ። ታሪኩ መጀመሪያ በአፍ ይነገር። ሁለት ሁለት ሆነው ልጁ ታሪኩን ለአንድ ጓደኛ በ3 ደቂቃ ይነግራል፤ ጓደኛ ቀይሮ በ2 ደቂቃ፤ እንደገና ቀይሮ በ1 ደቂቃ። አድማጩ በየዙሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ አስተያየት መስጠት ክልክል ነው። በሦስተኛው ዙር የቀረው የታሪኩ አጥንት ነው፤ 8 ገጽም የሚሸከመው አጥንቱን ነው። ደብተር ላይ ቀጥታ የጻፈ ልጅ የጻፈውን መቁረጥ እንደ ቅጣት ያየዋል። ሦስት ጊዜ የተናገረ ልጅ ግን ሳያውቀው ቆርጦታል። ለመጻፍ የሚቸገሩ ልጆች ደግሞ በዚህ ሰዓት ከሌሎቹ እኩል ናቸው፤ አንዳንዴም ይበልጧቸዋል።

በየክፍሉ የሚመላለሱ ችግሮች አሉ። ታሪኩ «ከዚያ… ከዚያ… ከዚያ…» እያለ ከሄደ፣ ልጁ በየ«ከዚያ»ው ቦታ «ስለዚህ» ወይም «ግን» ለማስገባት ይሞክር፤ የማይገባበት ቦታ ሊወጣ የሚችል ክፍል ነው። ገጸ ባሕርያቱ አሥራ ሁለት ከሆኑ፣ ለ8 ገጽ ሁለት፣ ኋላ ለሚመጣው ባለ 16 ገጽ መጽሐፍ ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ፤ የቀሩት ለሚቀጥለው መጽሐፍ ይቆዩ ይባላል እንጂ «ሰርዝ» አይባልም። ጀግናው ከፊልም የተቀዳ ከሆነ አልከለክልም፤ «ይህ ጀግና የሚፈራው ምንድን ነው? ኪሱ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ከቅጂው ያወጣዋል። «ከእንቅልፏ ነቃች፤ ለካ ሕልም ነበር» የሚለውን መጨረሻ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ እዘጋዋለሁ። ልጆች የሚመርጡት ታሪኩ ስላስፈለገው ሳይሆን መውጫ ስላጡ ነው። መውጫ ሲጠፋ ወደ ገጽ 2 ተመልሶ እዚያ ያለ ዕቃ ወይም እንስሳ ችግሩን ሊፈታ ይችል እንደሆነ መፈለግ የተሻለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይችላል።

ጽሑፍና ሥዕል በአንድ ገጽ

74 በ105 ሚሊ ሜትር የሆነ ገጽ ላይ ጠርዙ 8 ሚሊ ሜትር ቢተው በእጅ ጽሑፍ በአንድ መስመር ሁለት ወይም ሦስት ቃል ይገባል። ሥዕል ካለበት በገጽ ከ10 እስከ 12 ቃል ነው። ይህን ቁጥር ለልጆቹ መንገር አለብን፤ ካልነገርናቸው 40 ቃል ይዘው ይመጣሉ። ኤ5 (የኤ4 ግማሽ) ገጽ ላይ፣ ግማሹ ለሥዕል ከሆነ፣ 25 ቃል ያህል ምቹ ነው።

የመስመር ስፋት ለፊደላችን ትልቅ ነገር ነው። ሉ እና ሊን የሚለያቸው ቅጥያ አንዱ ወገብ ላይ፣ ሌላው እግር ላይ ነው፤ መስመሩ ከጠበበና ማርከሩ ወፍራም ከሆነ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ለትንንሽ ልጆች 1 ሴንቲ ሜትር፣ ለትልልቆቹ 8 ሚሊ ሜትር መስመር በቀላል እርሳስ ይሠመር፤ ጽሑፉ ጫፉ ቀጭን በሆነ ጥቁር ብዕር ከተጻፈና ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ይጠፋል። ቀለሙ ሳይደርቅ ላጲስ ያነሣ ልጅ ገጹን ያጠቁራል፤ አምስት ደቂቃ ይጠበቅ። ቃል መስመር መጨረሻ ላይ አይሰበር። ንግግር ካለ በየተናጋሪው አዲስ መስመር ይጀመር፤ ልጆች ማን ምን እንዳለ የሚያምታቱት እዚህ ላይ ነው።

ልጅ ሥዕሉን ቀድሞ ከጀመረ ገጹን በሙሉ ይሞላዋል፤ ጽሑፉም ሰማዩ ላይ ወይም የሰው ሆድ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የጽሑፉ ሣጥን በእርሳስ ይከለል፣ ቀጥሎ ሥዕሉ በእርሳስ፣ ቀጥሎ ጽሑፉ በብዕር፣ ቀለም መቀባት መጨረሻ። ሥዕሉ ጽሑፉ ያለውን እንዳይደግም አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ቃሉ ያልተናገረውን ምን ልታሳየን ትችላለህ?» ጽሑፉ «አዞው ደፋር ነው» ሲል ሥዕሉ የሚንቀጠቀጡ ጉልበቶች ቢያሳይ አንባቢ ይስቃል።

የፊደል ግድፈት የሚታረመው ረቂቁ ላይ ነው፤ የመጨረሻው መጽሐፍ ላይ ቀይ ብዕር አይድረስ። ገና መጻፍ ለማይችሉ ልጆች ትልቅ ሰው ሲጽፍላቸው ልጁ ያለውን እንዳለ ይጻፍ። ዐረፍተ ነገሩን ማሳመር ያጓጓል፤ ግን ተነቦለት «እኔ እንዲህ አላልኩም» ካለ እውነቱን ነው።

የተሰፋው መጽሐፍ

የአንድ ወረቀቱ መጽሐፍ ረቂቅ ሆኖ ካገለገለ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች በክር የተሰፋ ባለ 16 ገጽ መጽሐፍ መሥራት ይችላሉ። አራት ኤ4 ወረቀት እያንዳንዱ በግማሽ ታጥፎ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ አንድ ጥራዝ ይሆናል፤ መጠኑ ኤ5፣ 148 በ210 ሚሊ ሜትር። የገጽ ብዛት ሁልጊዜ በአራት መካፈል አለበት፤ ታሪኩ 14 ገጽ ከሆነ ሁለት ገጽ ለርእስና ለመታሰቢያ ይሰጣል እንጂ ወረቀት አይቆረጥም።

ለሽፋን ከ160 እስከ 200 ግራም ያለ ካርድ ይበቃል። እዚህ ላይ ስለ ወረቀት የቃጫ አቅጣጫ ማወቅ ያስፈልጋል። የፋብሪካ ወረቀት ቃጫዎቹ በአንድ አቅጣጫ የተኙ ናቸው፤ በዚያው አቅጣጫ ሲታጠፍ ይታዘዛል፣ አቋርጦ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ተመልሶም ይነሣል። መለየት ቀላል ነው፦ ካርዱን ሳያጥፉ በአንድ በኩል፣ ቀጥሎ በሌላው በኩል ማጎንበስ፤ በቀላሉ የሚጎነበስበት በኩል ማጠፊያው ነው። ኤ4 አብዛኛውን ጊዜ ቃጫው በረጅሙ ጎን ስለሚሄድ በግማሽ ሲታጠፍ ቃጫውን እያቋረጥን ነው። ለ80 ግራም አይጎዳም፤ ለወፍራም ካርድ ግን ከትልቅ ሉክ ላይ አቅጣጫውን ጠብቆ መቁረጥ ይሻላል። ካልተቻለ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶና በማስመሪያ የማጠፊያውን መስመር ቀድሞ ማስረግ ስንጥቁን ይቀንሰዋል።

ለስፌቱ ሦስት ቀዳዳ ይበቃል፦ አንዱ መሐል፣ ከጫፍ 10.5 ሴንቲ ሜትር ላይ፤ ሁለቱ ከላይና ከታች ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው። ልጆቹ በማስመሪያ እንዲለኩ አላደርግም፤ የቀዳዳዎቹ ቦታ ቀድሞ የተለየበት የካርቶን መለኪያ ተሠርቶ እጥፋቱ ላይ ይቀመጣል፣ ነጥብ ይደረጋል። ጥራዙና ሽፋኑ በወረቀት መቆንጠጫ ከላይና ከታች ከተያዙ በኋላ መጽሐፉ መሐሉ ላይ ተከፍቶ ከውስጥ ወደ ውጭ በወስፌ ይወጋል፤ ከሥሩ ወፍራም ካርቶን ይደረግ። ወስፌው እጥፋቱ ላይ በትክክል ካልገባ ቀዳዳው ወደ ጎን ወጥቶ ሽፋኑ ላይ ጠማማ መስመር ይሠራል፤ ክሩም ሲጠብቅ ወረቀቱን ይቀደዋል። ወስፌ ከአንድ ጠረጴዛ አይንቀሳቀስ፤ አንድ ትልቅ ሰው እዚያ ይቀመጥ፣ ልጆቹ በተራ ይምጡ።

የክሩ ርዝመት የመጽሐፉ ቁመት ሦስት እጥፍ ነው፤ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል። የጥጥ ወይም የበፍታ ጠንካራ ክር ይሁን፤ ሰም ላይ ሁለት ጊዜ ቢጎተት አይጠላለፍም። ጫፉ አይቋጠርም። መርፌው ከውስጥ በመሐለኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል፣ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭራ ውስጥ ይቀራል፤ ከውጭ በላይኛው ቀዳዳ ይገባል፤ ከውስጥ መሐለኛውን ዘልሎ በታችኛው ይወጣል፤ ከውጭ በመሐለኛው ተመልሶ ይገባል። አሁን ሁለቱ ጫፎች ውስጥ ናቸው። አንዱ ከረጅሙ ክር (ውስጥ ከላይኛው እስከ ታችኛው ቀዳዳ ከተዘረጋው) በግራ፣ ሌላው በቀኝ መሆን አለበት፤ ረጅሙን ክር መሐላቸው አድርገው ሁለት ጊዜ ይቋጠሩና 1.5 ሴንቲ ሜትር ተትቶ ይቆረጣል። ሁለቱም በአንድ ወገን ከሆኑ ቋጠሮው ረጅሙን ክር አይዘውም፤ መጽሐፉ በሳምንት ውስጥ ይላላል።

መርፌው በመሐለኛው ቀዳዳ ሲመለስ ቀድሞ ያለውን ክር ወግቶት ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ክሩ ይቆለፍና አይጠብቅም። የመጀመሪያውን ክር ወደ ጎን ይዞ ማሳለፍ ነው። ክር ሲጠብቅ ደግሞ በእጥፋቱ አቅጣጫ ይጎተት፤ ወደ ላይ፣ ከገጹ ርቆ ከተጎተተ ወረቀቱን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ከሁሉም በላይ የማየው ስሕተት ይኸኛው ነው። ቀዳዳ ከተቀደደ ከውስጥ ቀጭን ወረቀት ለጥፎ፣ ደርቆ፣ እንደገና መውጋት ይቻላል።

ወረቀት በዛ ብሎ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ ውስጠኞቹ ገጾች ከጠርዙ ወጣ ይላሉ። በአራት ወረቀት አይታወቅም፤ በስምንት ይታወቃል። ከዚያ በላይ ገጽ ከፈለጉ ሁለት ወይም ሦስት ጥራዝ ሠርቶ በሰንሰለት ስፌት (ክሩ አንዱን ጥራዝ ከሌላው ጋር እያቆላለፈ በሚሄድበት ስፌት) ማያያዝ ነው፤ ቀደምት የኮፕትና የግዕዝ የብራና መጻሕፍት የተጠረዙት በዚህ ዓይነት ስፌት ነው። ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን ለአንድ ወርክሾፕ አይመከርም፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበላል፣ ታሪኩም ይረሳል።

ካርቶን ሽፋን የሚፈልጉ ካሉ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን በሦስት ጎን ከገጹ 3 ሚሊ ሜትር ተርፎ ይቆረጥ። ኮላው ነጭ ኮላ ሆኖ በብሩሽ ከመሐል ወደ ጠርዝ በስሱ ይቀባ። ከሥር የተነጠፈው ጋዜጣ ከእያንዳንዱ ቅብ በኋላ ይቀየር፤ አለዚያ ኮላው የሽፋኑን ፊት ያበላሻል። ኮላ ውሃ አለው፤ ወረቀት ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጎብጣል። ሽፋኖቹ በሰም ወረቀት ተለይተው ከባድ ነገር ተጭኖባቸው ማደር አለባቸው፤ ሥራውን በዕለቱ ወደ ቤት መላክ ማለት ጠማማ ሽፋን መላክ ነው።

ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው፣ ስንት ወረቀት

ሙሉው ሥራ በ6 ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 80 ወይም 90 ደቂቃ፣ ይገባል፦ በመጀመሪያው ባዶው መጽሐፍና ጨዋታዎቹ፣ በሁለተኛው በአፍ መንገርና የ8 ገጹ ረቂቅ፣ በሦስተኛው እርማትና ወደ 16 ገጽ ማስፋት፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ጽሑፍ፣ ሥዕልና ቀለም፣ በስድስተኛው ስፌትና ንባብ። ጊዜ የሚያልቀው ሁልጊዜ በአራተኛውና በአምስተኛው ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከተሰጠዎት 16 ገጹን ይርሱት፤ የአንድ ወረቀቱ መጽሐፍ ብቻውን ሙሉ ሥራ ነው።

ለ30 ልጆች ከ4ቱ የጥራዝ ወረቀት ሌላ 2 ለረቂቅ ሲጨመር 180 ወረቀት ይሆናል፤ ለብልሽት አንድ አምስተኛ ጨምሮ 220 ያህል። የሽፋን ካርድ 36፣ ክር 25 ሜትር፣ መቀስ ለሁለት ልጅ አንድ። መርፌዎቹ ጫፋቸው የደነዘዘ ትልልቅ ይሁኑ፤ ተቆጥረው ይሰጡ፣ ተቆጥረው ይመለሱ፣ አንዱ ከጎደለ ማንም ከክፍል አይውጣ። በስፌቱ ቀን ለ15 ልጅ ከአንድ ትልቅ ሰው በታች ከሆነ ግማሹ ክፍል እጁን አንሥቶ ሲጠብቅ ያልቃል።

ቶሎ የጨረሰ ልጅ ሌላውን ይርዳ፤ ግን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ በአፉ ብቻ። ይህ ደንብ ለመምህሩም ይሠራል። ጠማማውን ስፌት ፈትቶ ማስተካከል ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ ግን መጽሐፉ የልጁ መሆኑ ይቀራል።

የንባብ ቀን 30 ልጅ በየተራ ቆሞ ካነበበ ከአሥረኛው በኋላ የሚሰማ የለም። ይልቅ ግማሹ ክፍል መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ይቀመጥ፤ ሌላው እየዞረ ያንብብ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይቀያየሩ። አንባቢው ቁራጭ ወረቀት ላይ «ያስቆመኝ ገጽ…፣ ምክንያቱም…» ብሎ ጽፎ ይተዋል። «በጣም ቆንጆ ነው» የሚል ወረቀት አይቆጠርም፤ የገጽ ቁጥር ይፈለጋል።

ልጁ መጽሐፉን ወደ ቤት ይወስዳል፤ ለክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ መቅረት ካለበት ከመሰፋቱ በፊት ፎቶ ኮፒ መደረግ አለበት። እርሳስና ፈዛዛ ቢጫ ኮፒ ላይ ይጠፋሉ፤ ሥዕሉ በጥቁር ብዕር ይከበብ። ማሽኑ እስከ ጠርዝ ድረስ ስለማያትም ዳር ዳሩ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ባዶ ይተው። የ8 ገጹ ባንድ ወገን ስለሆነ አንድ ኮፒ አንድ መጽሐፍ ነው። የ16 ገጹን ወረቀቶች ግን በሁለት ወገን ሲያትሙ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ አንድ መፈተኛ አለ፦ በአንድ ወገን ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ገጾች ሲደመሩ ሁልጊዜ 17 ይሆናሉ፤ 16ና 1፣ 2ና 15፣ 14ና 3፣ እስከ መሐለኞቹ 8ና 9 ድረስ። 17 ያልመጣበት ወረቀት ላይ ገጾቹ ያለ ቦታቸው ገብተዋል።